ከግድቡ የወጣው አምባዛ

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ በላስቲክ ባልዲ ዓሣ ይዞ ሲሸጥ አየሁ። ከላይ ያሉት ነጫጭ ናቸው፣ እነሱ ምንም አላሉኝም። ከሥራቸው ግን አንድ ጥቁር፣ ጭንቅላቱ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም ያለው ተጋድሟል። አምባዛ ነው። «አባባ፣ ልመዝንልዎት? ዛሬ ጠዋት የገባ ነው» አለኝ ልጁ። ዓሣውን ሳይ ታክሲዬ መጥታ ሞልታ ሄደች። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቦታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ልጁ ዓሣውን የጠላሁት መስሎት ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ዓሣውን ጠልቼው አይደለም። ፈርቼ ነው።

ያደግሁት ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ ግማሹ ባሕር ዛፍ ግማሹ ጭቃ በነበረበት በጃንሆይ ጊዜ። አባቴ ወልዴ ከቡራዩ ወዲያ ያለው ግድብ ዘበኛ ነበር። ያ ውኃ ከተማው የሚጠጣው ነው፤ ልብስ ማጠብ ክልክል፣ ከብት ማጠጣት ክልክል፣ መዋኘት ክልክል፣ ዓሣ ማውጣትማ አይነሳ። አባቴ አንዱን ቀን ከነሌሊቱ ጠመንጃ ይዞ ጠብቆ ያድርና በማግስቱ ጠዋት ይመጣል፤ ከእኛ ጋር ውሎ አድሮ ደግሞ ይሄዳል። የዘበኞቹ አለቃ ባሻ ንጋቱ ይባላሉ፤ ድሮ ወታደር ነበሩ፣ ቤታቸው አስኮ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ለመስማት ጠጋ ማለት አለባችሁ፣ ጠጋ ስትሉ ደግሞ መሸሽ ያምራችኋል። የሚጮህ ሰው ፈርቼ አላውቅም፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ግን እስከ ዛሬ እፈራለሁ።

ከእኛ በላይ ሦስተኛው ቤት ሌላ የግድቡ ዘበኛ ይኖር ነበር። ሚስቱ አርግዛ ዓሣ አማረኝ ብትለው ሁለት ትንንሽ ዓሣ በካፖርቱ ኪስ ይዞ ሲወጣ ባሻ ያዙት። በዚያው ቀን ተባረረ። ወር ሳይሞላ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከሰፈር ሄዱ። ልጁ አብሮኝ ይማር ነበር፤ ጋሪው ላይ የአልጋ እግር አቅፎ ተቀምጦ ወደ እኛ ሳያይ አለፈ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ጣቷን እያወዛወዘች «በሁለት ዓሣ!» ትለኛለች። ሌላ ምክር አያስፈልገኝም ነበር። ይኼን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያደረግሁት።

ፍልሰታ ገብታለች። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ሰንብቶ ግድቡ ሞላና በማፍሰሻው በኩል ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ሁለት ቀን ዝናቡ ሲያርፍ ውኃው ጎደለና ከግድቡ ሥር በድንጋዩ መሀል ኩሬ ኩሬ ሆኖ ቀረ። እኔና ጓደኛዬ ከድር ይኼን ልናይ ሄድን። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ አባቱ ኮልፌ ገበያ አሮጌ ጆንያ ይሸጣሉ። ያኔ ልጅ ሁሉ ለዝናብ የጆንያውን አንድ ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ይደፋል። እኛም አንድ አንድ ደፍተናል።

ኩሬው ጉልበቴን አይደርስም፣ ውኃውም እንደ ሻይ ቀይ ነው። ከዳር ቆመን ድንጋይ ስንወረውር ከሥር አንድ ጥቁር ነገር ተገላበጠ። ከድር «እባብ!» ብሎ ዘሎ ቋጥኝ ላይ ወጣ። እኔ ጢሙን አየሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከነልብሴ ገባሁና ጆንያውን ከፊቱ ዘርግቼ ተኛሁበት። ክንፉ ሥር ያለው እሾህ መዳፌን ቀደደኝ፣ ደሜ ውኃው ላይ ሲሄድ አየሁት፣ አልለቀቅኩትም። ጎትተን ስናወጣው ርዝመቱ ከከድር ወገብ ያልፋል። ወፍራም ነው፤ ቆዳው እንደ እርጥብ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ የጭቃና የብረት ሽታ አለው። ያን የሚያህል ዓሣ እንኳን እኔ፣ አባቴም አይቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማንም ምንም ይበል፣ ያ ዓሣ ራሱ ነው ከግድቡ የወጣው። እኔ ከግድቡ ውስጥ እጄን አላስገባሁም። ሁለት ቀን ቢቆይ ኩሬው ደርቆ ይሞት ነበር። ይኼን ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

መንገዱን ግን አትጠይቁኝ። ጆንያውን በሁለት ጫፍ ይዘን በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ ሄድን፤ መኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር ቦይ ውስጥ እንተኛለን። ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ይሞታል ብለን ነበር። እሱ ግን ሰዓት አለፈው፣ አይሞትም። ከዚያ አልፎ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ አሮጌ በር ሲከፈት እንደሚጮኸው ዓይነት፣ ጢጢ ጢጢ ይላል። ከድር የያዘውን ጫፍ ለቀቀ።

«ደምሴ፣ ይኼ ዓሣ አይደለም። ዓሣ አይናገርም።»

«ዝም ብለህ ተሸከም!»

«ወላሂ እየጠራ ነው፤ የሚጠራው ሰው አለ።»

ዞር ብለን አየን። ማንም የለም። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ቤት ድረስ እየሮጥን ነው የሄድነው።

እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። የቆርቆሮ ባኞዋን በውኃ ሞልታው ነበር፤ ልብሱን አውጥቼ ዓሣውን ገለበጥኩበት። «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ቅርፊት እንኳ የለው! ምን ልታደርገኝ ነው ያመጣኸው?» ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የእኛ ሰው አይበላም፤ ደግሞም ጾም ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷ ተለወጠ። «ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከወንዝ።»

«ከየትኛው ወንዝ?»

ወደ ባኞው ዞርኩ። ሳሙና በያዘ እጇ ራሷን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ሰው በሁለት ዓሣ ተባረረ። አንተ ዘንዶ አመጣህልኝ።»

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታችን እትዬ በቀለች በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። ከከፋ የመጡ ናቸው፤ ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ፣ ከወንዝ ዳር ነው ያደጉት። ጴንጤ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ጴንጤ ማለት እንደ ስድብ ቢሆንም እናቴ ከእህቷ አስበልጣ ትወዳቸዋለች። ባኞውን አይተው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እሰይ! እኛ አገር እንዲህ ያለው ለአማች ነው የሚቀርበው። ስጪኝማ፣ እስከ ማታ አጥንቱን አታገኚውም።»

«አንቺማ ጾም የለሽ፣ ምን ቸገረሽ።»

«ጾም ባይኖረኝ ዓይን አለኝ። ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ሆድ ውስጥ የገባ ዓሣ ማን ያያል? ቢላዋ አምጪ።»

እናቴ ተነሳች። እትዬ በቀለች እውነታቸውን ነው፣ ያን ጊዜ ቢላዋው መጥቶ ቢሆን ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ባኞው ላይ ሳንቃ አጋድሜ ተቀመጥኩበት። «አይታረድም! መስከረም ድረስ ይቆያል!» መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት በባኞው ተሸክሜ ልወስደው ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ንባብ አይገባኝም፤ ተነስቼ ሳነብ ክፍሉ ሙሉ ይስቅብኛል። እኔ ያሰብኩት ያ ዓሣ የሚስቁትን አፍ ሁሉ ሲዘጋ ነው። እናቴ በነጠላ ጫፍ መታችኝ፣ ጎተተችኝ፣ አልተነሳሁም። ግትር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

ከድር ደግሞ አፉን አልያዘም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ግቢያችን በልጅ ሞላ። ሳንቃውን ገለጥ ሳደርግ «ውይ!» ብለው ወደ ኋላ ይተራመሳሉ፣ መልሰው ደግሞ ይጠጋሉ። በየተራ በጣታቸው እንዲነኩት ፈቀድኩላቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። በዚያ መሀል አንዲት ሳህን የያዘች ልጅ ከኋላ ቆማ አየኋት፤ ኮረሪማ ልትገዛ እትዬ በቀለች ጋ የመጣች ናት። ጠጋ ብላ አየችና «ከግድቡ ነው?» አለች። ከድር ደረቱን ነፍቶ «አዎ! ከሥሩ ነው የወጣው!» አላት። ልጅቷ ኮረሪማውን ሳትገዛ ሄደች። እትዬ በቀለች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ከንፈራቸው ደርቆ ለእናቴ የነገሯት ያን ጊዜ ነው፤ «ይቺ እኮ ባሻ ንጋቱ ቤት ነው የምትሠራው።»

ግቢው ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ልጆቹ ምን እንደሰሙ ባላውቅም የእናቴን ፊት አይተው ሄዱ። እኔም ከሳንቃው ላይ ወረድኩ። ያን ሌሊት ዓሣው ባኞውን በጅራቱ ሲመታ እናቴና እኔ ነቅተን እንሰማው ነበር።

አባቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ከዘበኞቹ ማደሪያ ነው በቀጥታ የመጣው፤ ባሻም ልጅቷም ገና አላገኙትም። ሳንቃውን ሲያነሳ በበሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳያይኝ «ና» አለኝ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከግድቡ አይደለም። ከኩሬው ነው፣ ከሥር ካለው። ራሱ ነው የወጣው።»

«ኩሬው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ውኃ።»

«የማን ውኃ?»

«የዝናብ» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። እናቴ እያለቀሰች ትለምነዋለች፤ አርደን እንጨርሰው፣ በቀለች ትውሰደው፣ ካልሆነም እዚሁ ወንዛችን ውስጥ እንጣለው ትላለች። አባቴ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ጆንያውን ባኞው ውስጥ ይነክራል።

«አደራ በላ ልታደርጊኝ ነው? ሰው እንዳይነካው ብርድ ላይ ቆሜ ያደርኩበትን ነገር ቤቴ ገብቼ ልብላው?»

«እንግዲያው እዚህ ወንዝ ልቀቀው!»

«እዚህ ወንዝ ነው ያስረከቡኝ?»

«ወልዴ፣ ስማኝ! ዓሣ የተሸከመ ሰው ሊመልስ ነው የሚሄደው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ያየህ ሁሉ ሰርቆ ነው የሚልህ። ቤት ውስጥ ብትበላው አንድ ሌባ ነህ፤ መንገድ ላይ ከያዙህ አገር ያወቀህ ሌባ ነህ!»

ልክ ነበረች። አባቴም ልክ እንደሆነች ያውቃል፤ እጁ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ዓሣውን ከእርጥብ ሣር ጋር ጆንያው ውስጥ ከተተና «ልጁም ይመጣል» አለ።

በትልቁ መንገድ ነው የሄድነው። እኔ በዛፉ ውስጥ ለውስጥ እንሂድ ስለው «የተደበቀ ምን አለን?» አለኝ። ጆንያው ትከሻው ላይ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ይፈራገጣል፣ አባቴ ይንገዳገዳል፤ ውኃው በጀርባው ይወርዳል። አስኮ ጋ አንድ የሚያውቀው ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ሳቀብን።

«ወልዴ! በፍልሰታ በግ? ለዚያውም ከነነፍሱ!»

«ከነነፍሱ ነው» ብሎት አለፈ አባቴ። መዋሸት ቀላል ነበር፣ አልዋሸም። እኔ ግን ከአባቴ ኋላ ተደብቄ ነው የምሄደው። በባሻ ቤት በር ስናልፍ ውሻቸው ጆንያውን አሽትቶ እየጮኸ ተከተለን፤ የሆነ ሰው ከውስጥ «ማነው?» ሲል ሰማሁ። ዓሣው በሞተ ብዬ ጸለይኩ። ቢሞት ቦይ ውስጥ እንጥለው ነበር። እሱ ጢጢ ይላል።

ግድቡ ሥር ስንደርስ ያቺ ኩሬ አሁንም አለች። ዙሪያውን አየሁ፣ ሰው የለም። «አባባ፣ እዚህ እንልቀቀው። ማንም አላየን። ለቀን ወደ ቤት እንሂድ» አልኩት። አባቴ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አባቴ የሚፈራ ሰው መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። እሱ ሲፈራ ሳይ የእኔው ፍርሃት መያዣ አጣ። ኩሬውን አየ፣ ወደ ላይ ወደ ግድቡ በር አየ፣ ከዚያ ወደ በሩ መውጣት ጀመረ።

ባሻ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። አልተነሱም።

«ስጠብቅህ ነበር፣ ወልዴ።»

አባቴ ጆንያውን አውርዶ አፉን ከፈተው። «የግድቡ ዓሣ ነው፣ ባሻ። ያወጣው ልጄ ነው፤ ከታች ኩሬ ውስጥ ነው ያገኘው። አላወቀም። ይኸው ልመልስ መጥቻለሁ።»

ባሻ ዓሣውን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ። ተነስተው መጡና ጎንበስ አሉ፤ መፋቂያው ሲሸተኝ ትዝ ይለኛል። እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው «አንተ ነህ ያወጣኸው?» አሉኝ።

አዎ ማለት ብቻ ነው። አባቴ ከኮልፌ ድረስ ይዞኝ የመጣው ለዚያች ቃል ነው። ግን ጋሪው ላይ ተቀምጦ የሄደው ልጅ ታየኝ፣ የባሻ መፋቂያ ታየኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም።»

ባሻ ቀና ብለው አባቴን አዩት። አባቴም እኔን አየኝ፣ አንዴ ብቻ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ውሸቱን ነው» ቢል ይችል ነበር፤ አላለም። ምን እንዳሰበ እኔ አላውቅም። ብቻ «ባሻ፣ እንዳይሞት መጀመሪያ ልልቀቀው» አለና ከነጫማው እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገባ።

ዓሣው ከጆንያው ሲወጣ ጎኑ ላይ ተንጋለለ። በቃ ሞተ አልኩ። አባቴ በሁለት እጁ ደግፎ ቀና አደረገው፣ እንደ ሕፃን ይዞት ቆየ። ከዚያ ጢሙ ተነቃነቀ፣ ጅራቱ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለ፣ ሳይቸኩል ወደ ጥልቁ ሄደ።

«ሰርቆ የሚመልስ ሌባ አይቼ አላውቅም» አሉ ባሻ አባቴ ሲወጣ። «ስለዚህ አላባርርህም። ጠመንጃህን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትይዝም።» ማደሪያው ውስጥ የተሰቀለውን ጠመንጃ አስወርደው ለሌላ ዘበኛ ሰጡት። ለአባቴ ዱላ ሰጡትና ከብት በሚመጣበት በወዲያኛው ዳር መደቡት። ጓደኞቹ «እረኛው» ይሉት ጀመር። በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ባሻም ሄዱ፣ አዲስ አለቃ መጣ፤ ጠመንጃውን የመለሰለት ግን የለም። እሱም አልጠየቀም። ጡረታ እስኪወጣ በዱላ ጠበቀ።

ስንመለስ ግርፋቱን እየጠበቅሁ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። አስኮን ሳናልፍ ዝናቡ ወረደ። አባቴ ቆሞ ጠበቀኝና ካፖርቱን ከፍቶ ከሥሩ አስገባኝ። እርጥብ የበግ ፀጉር ይሸታል፣ ልቡ ጆሮዬ ላይ ይመታል። እንደዚያ ሆነን ኮልፌ ገባን።

ካደግሁ በኋላ ስለ ዓሣው ብዙ ጊዜ ተከራክረናል፣ እየሳቅን ነው ደግሞ። እሱ «የማን ውኃ?» ይለኛል፣ እኔ «የዝናብ» እለዋለሁ፤ እናቴ ሁለታችንንም ትሰድበናለች። ያን «እኔ አይደለሁም» ያልኩትን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ታሞ ሲተኛ ልነግረው ሁለት ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱን ቀን ጠያቂ ሰው መጣብኝ። ሌላውን ቀን ማንም አልመጣም፣ እኔው ነኝ የፈራሁት። ከዚያ ሞተ።

እኩዮቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው የዛሬ ልጅ ሰው አይፈራም ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ እኛ ትልቅ ሰው ስናይ እንንቀጠቀጥ ነበር፤ ጨዋ ልጆች ይሉን የነበረው ለዚያ ነው። እኔ አላማርርም። ባለፈው የልጅ ልጄ በኳስ የቴሌቪዥኑን መስታወት ሰበረችው። እናቷ ከጓዳ «ማነው?» ብላ እየጮኸች ስትወጣ ልጅቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ «እኔ ነኝ» አለቻት። ልትመታት እጇን ስታነሳ ተዪያት ብዬ መሀል ገባሁ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ መስሏቸው ሁለቱም ገርሟቸው አዩኝ።

ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።